የሚኒያፖሊስ የበረዶ ወራት፦ ከተማው መንገዱን እንዴት ይጠርጋል? መኪናስ የት ይቆማል?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚኒያፖሊስ በአማካይ በዓመት 50 ኢንች (127 ሳንቲ ሜትር) ገደማ በረዶ ይጥልባታል። ከዚያም የሚብስበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሃሎዊን ዕለት የጀመረው ወጀብ ብቻውን 28.4 ኢንች ጥሎ ነው ያባራው። ከዚህ በታች ያለው ስለ ሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። ጎረቤቷ ሴንት ፖል የራሷ ደንብ ስላላት ለብቻዋ አንስተናታል።

ሰዓቱን በሙሉ በሐበሻም በአሜሪካም አቆጣጠር ጽፈናል። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት መኪና ያስጎትታል። «ከ9 ጀምሮ» ሲባል ከሌሊቱ 9 ሰዓት የመሰለው ሰው ተረጋግቶ ይተኛል፤ ጠራጊዎቹ ግን ስድስት ሰዓት ቀድመውት ወጥተዋል።

ስኖው ኢመርጀንሲ ምንድን ነው? በረዶ በጣለ ቁጥር ይታወጃል?

አይታወጅም። የጣለው አንድ ሁለት ኢንች ከሆነ የከተማው መኪኖች ዋና ዋና መንገዶችን እየጠረጉና ጨው እየበተኑ ይወጡታል፤ ማንም መኪናውን እንዲያነሳ አይጠየቅም። ስኖው ኢመርጀንሲ የሚታወጀው መንገዱ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መጠረግ ሲያስፈልገው ነው። ለዚህ ደግሞ ዳር ላይ የቆሙት መኪኖች መነሳት አለባቸው። ከተማው ከ1,000 ማይል በላይ መንገድ፣ ከዚያ ሌላ 400 ማይል ገደማ የጓሮ መንገድ (አሊ) አለው። ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ስለማይዳረስ ሥራው በሦስት ቀን ተከፍሏል።

አዋጁ የሚነገረው ከምሽቱ 12 ሰዓት (6 ፒኤም) በፊት ነው። ሥራው በዚያው ዕለት ከምሽቱ 3 ሰዓት (9 ፒኤም) ይጀመራል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው በረዶው ካቆመ በኋላ ነው። ጠዋት አባርቶ፣ ከሰዓት ፀሐይ ወጥቶ፣ አዋጁ ማታ ሊመጣ ይችላል፤ የሚታወጀው ለጠረጋው እንጂ ለወጀቡ አይደለምና። ስለዚህ በረዶ በጣለ ዕለትም ሆነ በማግስቱ ሰማዩን አይተው አይፍረዱ፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ስልክዎን ይመልከቱ። ከተማው በጽሑፍ መልእክትና በኢሜይል ያሳውቃል፤ አስቀድሞ መመዝገብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ወደ ከተማው የመረጃ ስልክ፣ 311፣ ደውሎ መጠየቅም ይቻላል።

ሦስቱ ቀናት እንዴት ይሠራሉ?

ቀን 1፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት (ከ9 ፒኤም እስከ 8 ኤኤም)። «የስኖው ኢመርጀንሲ መስመር» በተባሉት ዋና መንገዶች ላይ በግራም በቀኝም መቆም ክልክል ነው። በሌሎቹ የሰፈር መንገዶች ላይ መቆም ይቻላል።

ቀን 2፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት (ከ8 ኤኤም እስከ 8 ፒኤም)። በሰፈር መንገዶች ላይ የቤት ቁጥሩ በ0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 በሚያልቅበት ወገን (ተጋማሽ ቁጥር) መቆም ክልክል ነው። ሐይቆቹንና ወንዙን ተከትለው በሚሄዱት ፓርክዌዮች ላይ ደግሞ በሁለቱም ወገን ክልክል ነው።

ቀን 3፦ ሰዓቱ እንደ ቀን 2 ነው። አሁን ተራው የጎዶሎው ወገን ነው፤ የቤት ቁጥሩ በ1፣ 3፣ 5፣ 7 ወይም 9 በሚያልቅበት በኩል መቆም ክልክል ነው።

ቁጥሩ የቀኑ ቁጥር ሳይሆን የቤቱ ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ። «ዛሬ 14 ስለሆነ ተጋማሹ ጋ ልቁም» የሚል ስሌት የሚሠራባቸው ከተሞች አሉ፤ ሚኒያፖሊስ ግን ከእነሱ አይደለችም።

ሦስቱ ቀናት ሳያልቁ ሌላ ወጀብ ከመጣ ከተማው አዲስ ስኖው ኢመርጀንሲ ሊያውጅ ይችላል። ያኔ ቆጠራው እንደገና ከቀን 1 ይጀምራል።

ማታ ደንቡን ጠብቄ ነበር ያቆምኩት፤ ጠዋት ቲኬት ያገኘሁት ለምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጠዋት 2 ሰዓት (8 ኤኤም) ነው። ቀን 1 የሚያልቀውና ቀን 2 የሚጀምረው በአንድ ደቂቃ ነው፤ በመካከላቸው የእፎይታ ጊዜ የለም። ማታ ከዋናው መንገድ አንስተው ሰፈር ውስጥ በተጋማሹ ወገን ያቆሟት መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሕጋዊ ናት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ግን ጥፋተኛ ናት። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ንጋት ላይ ገብተው የሚተኙ ሰዎች የሚያዙት በዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በቀን 1 ማታ ከዋናው መንገድ ሲያነሱ በቀጥታ ወደ ሰፈር መንገድ ጎዶሎ ወገን ይውሰዷት። እዚያ ቀን 2ን ሙሉ ትቆያለች። ቀን 2 ምሽት ላይ ጠረጋው ሲያበቃ ወደ ተጋማሹ ወይም ወደ ተጠረገው ዋና መንገድ ያዛውሯት። ሁለቴ ብቻ በማንቀሳቀስ ሦስቱን ቀን ይወጡታል።

መንገዴ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

የስኖው ኢመርጀንሲ መስመሮች ቀይ ምልክት ተተክሎባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የመንገዱ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ እንደ ሌላው አረንጓዴ ሳይሆን ሰማያዊ ነው። ምልክቱ በቤትዎ ፊት ለፊት ላይኖር ስለሚችል እስከ መንገዱ ማእዘን ሄደው ይዩ። በከተማው ድረ ገጽ ላይ አድራሻ አስገብቶ ማየትም ይቻላል። ይህን በጥቅምትና በኅዳር፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ቢያደርጉት ይሻላል።

የምኖረው ሴንት ፖል ነው። ደንቡ አንድ ነው?

አይደለም። በሴንት ፖል ጠረጋው በሁለት ዙር ነው። የሌሊቱ ዙር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት (ከ9 ፒኤም እስከ 6 ኤኤም) «የሌሊት ጠረጋ መስመር» የሚል ምልክት ባለባቸው መንገዶች ላይ ይካሄዳል። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄዱ የሰፈር መንገዶች ላይ ምልክቱ በአንዱ ወገን ብቻ ሊኖር ይችላል። የቀኑ ዙር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት (ከ8 ኤኤም እስከ 5 ፒኤም) ምልክት የሌላቸውን ያዳርሳል። በሴንት ፖል የተጋማሽና የጎዶሎ ነገር የለም፤ የሚታየው ምልክቱ ነው። አንዱ ከተማ ሲያውጅ ሌላው ላያውጅም ስለሚችል፣ አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ የሚሠራ ሰው የሁለቱንም ማስታወቂያ መከታተል አለበት።

የገና ዋዜማ ቅዳሴ ላይ አዋጁ ቢመጣስ?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ጃንዋሪ 6 ማታ ምእመናን በምሽት ገብተው ሌሊቱን በጸሎት ያሳልፋሉ፤ የቀን 1 እገዳም በትክክል ያንኑ ሰዓት ይሸፍናል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በስኖው ኢመርጀንሲ መስመር ላይ ከሆነና የራሱ የመኪና ማቆሚያ ከሌለው፣ ደጃፉ ላይ የተደረደሩት መኪኖች በሙሉ ሊጎተቱ ይችላሉ። ለበዓል መምጣት የተለየ ምሕረት የለም። አስተናጋጆች ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አዋጁን አይተው ከ3 ሰዓት በፊት በድምፅ ማጉያ ቢያስታውቁ፣ ምእመናኑም መኪናቸውን አንድ ብሎክ ገባ ብለው በሰፈር መንገድ ላይ ቢያቆሙ ችግሩ ይቀራል። ነጠላ ለብሶ በብርድ መሄድ ከባድ ቢሆንም ገና በማለዳ መኪና ፍለጋ ከመንከራተት ይሻላል።

መንገዱ ከተጠረገ በኋላስ ሰዓቱ እስኪያልቅ መጠበቅ አለብኝ?

የለብዎትም። መንገዱ ሙሉ በሙሉ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ ከተጠረገ ተመልሰው መቆም ይችላሉ። ነገር ግን «ጠራጊው አለፈ» እና «ተጠርጎ አለቀ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ መኻሉን ብቻ ከፍቶ ያልፋል፤ ጠርዙን የሚያነሳው ሌላ መኪና ከኋላ ይመጣል። የድንጋዩ ጠርዝ ካልታየዎት መንገዱ አልተጠረገም።

አንድ መኪና ባትነሳ ምን ይጎዳል? ጠራጊው ዞሯት አያልፍም?

ዞሯት ያልፋል። ጉዳቱም ያ ነው። ጠራጊው ከመኪናዋ ፊት ሲደርስ ወደ መኻል ይወጣል፣ ካለፋት በኋላ ይመለሳል፤ በረዶውም ከፊቷ፣ ከኋላዋና ከጎኗ ተቆልሎ ይቀራል። ማታ ሲበርድ ያ ቁልል እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። በማግስቱ ባለመኪናው አካፍቶ ሲወጣ የመኪና ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይቀራል፤ ግድግዳው ግግር በረዶ ነው። ከዚያ በኋላ ቀላል ጠራጊ አይነቅለውም። ቀጣዩ መኪና ከዚያ ቁልል ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ቀጣዩ ጠረጋም ከዚያ ራቅ ብሎ ያልፋል። በጃንዋሪ ሁለት መኪና ያስተላልፍ የነበረ መንገድ ለፌብሯሪ አንድ ብቻ የሚያሳልፈው እንዲህ ነው።

የእሳት አደጋ መኪና መስተዋቶቹን ሳይጨምር ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በግራና በቀኝ የቆሙት መኪኖች በረዶው ገፍቷቸው ወደ መኻል ከመጡ ማለፍ ያቅተዋል። እንዲህ ሲሆን ከተማው ሌላ እርምጃ ይወስዳል፦ ስኖው ኢመርጀንሲ መስመር ባልሆኑት መንገዶች ላይ በተጋማሹ ወገን መቆምን እስከ ኤፕሪል 1 ይከለክላል። በ2023 ይህ ተደርጓል። አፓርታማ በበዛበት ሰፈር ግማሹ ማቆሚያ ለሁለት ወር ጠፋ ማለት ነው፤ መነሻው ደግሞ በዲሴምበር ያልተነሱ ጥቂት መኪኖች ናቸው።

መኪናዬ ካቆምኩበት የለችም። ምን ላድርግ?

ለፖሊስ «ተሰርቃለች» ብለው ከማመልከትዎ በፊት 311 ይደውሉ፣ ወይም በከተማው ድረ ገጽ ላይ በታርጋዋ ይፈልጉ። ከተጎተተች ያለችው የከተማው ኢምፓውንድ ግቢ ነው። መታወቂያና የባለቤትነት ማስረጃ ይዘው በአካል ይሂዱ። የመጎተቻ ክፍያ አለ፣ በላዩ ላይ በየቀኑ የማቆያ ይታከላል፤ ቲኬቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ስለዚህ «ደመወዝ ስቀበል አወጣታለሁ» ማለት ዕዳውን ማሳደግ ነው። ከጓደኛ ተበድሮም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ማውጣት ይሻላል።

በጣም ሲበርድ ጨው የማይበትኑት ለምንድን ነው?

ስለማይሠራ ነው። ጨው በረዶ የሚያቀልጠው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው፤ ብርዱ ሲበረታ አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል። መንገዱ 30 ዲግሪ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 1 ሴልሺየስ) ሲሆን አንድ ኪሎ ጨው 46 ኪሎ ያህል ግግር በረዶ ያቀልጣል። በ20 ዲግሪ (ከዜሮ በታች 7) 8 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። በ0 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 18) 4 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ያውም ብዙ ሰዓት ፈጅቶ። ከ15 ዲግሪ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 9) በታች ተራ ጨው ብቻውን መበተን ትርጉም ያጣል። ልብ ይበሉ፣ ወሳኙ የመንገዱ ሙቀት እንጂ የአየሩ አይደለም። ፀሐይ ያረፈበት አስፋልት ከአየሩ ሊሞቅ፣ ከታቹ ነፋስ የሚገባበት ድልድይ ደግሞ ቀድሞ ሊረጋ ይችላል።

በዚያ ብርድ ያለው አማራጭ አሸዋ ነው። አሸዋ አያቀልጥም፤ ጎማና ጫማ እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዛል። መኪና ሲበዛበት ወደ ዳር ይበተናል፣ በጸደይ ደግሞ የጎርፍ መውረጃውን እንዳይደፍን ተጠርጎ መነሳት አለበት። ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዚየም ክሎራይድ ከተራው ጨው በበለጠ ብርድ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ዋጋቸው ውድ ስለሆነ በየመንገዱ አይበተኑም።

ጨው የሚቆጠብበት ሌላም ምክንያት አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን (19 ሊትር) ውሃ ለመበከል ይበቃል። ከመንገዱ የታጠበው ጨው ሐይቆቹ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላም በቀላሉ የሚወጣበት መንገድ የለም።

በረዶ ሳይጥል መንገድ ላይ የሚታዩት ነጫጭ መስመሮች ምንድን ናቸው?

የጨው ውሃ ነው፤ ባለሙያዎቹ ብራይን ይሉታል። 23 በመቶ ገደማ ጨው አለው፤ በዚህ መጠን የተበጠበጠ ብራይን እስከ 6 ዲግሪ ፋራናይት ከዜሮ በታች (21 ሴልሺየስ ከዜሮ በታች) አይረጋም። ወጀቡ ሳይደርስ በቀጫጭን መስመር ይረጫል፣ ውሃው ይተንና ጨው አስፋልቱ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያው በረዶ ሲወድቅ ከሥሩ ስለሚቀልጥ ከአስፋልቱ ጋር አይጣበቅም፤ ጠራጊውም እስከ ታች ሊፍቀው ይችላል። አንዴ ከተጣበቀ ለማላቀቅ የሚጠይቀው ጨው እጅግ ብዙ ነው። ወጀቡ በዝናብ ሊጀምር ከሆነ ግን ብራይን አይረጭም፤ ዝናቡ ጠራርጎ ይወስደዋልና።

ፍሬ ጨውም ቢሆን በደረቁ አይበተንም። ደረቁን ቢበትኑት 30 በመቶ ያህሉ ነጥሮ ከመንገዱ ይወጣል፤ በብራይን ረጥቦ ሲወድቅ ግን ባለበት ይቀራል፣ ማቅለጥም ቶሎ ይጀምራል።

የእግረኛ መንገዱን ማን ነው የሚጠርገው?

ከንብረቱ ፊት ለፊት ያለውን ባለንብረቱ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ከሆነ በረዶው ካቆመ በኋላ 24 ሰዓት አለዎት። አፓርታማና የንግድ ቤት ከሆነ ያለው ጊዜ አራት የቀን ሰዓት ብቻ ነው፤ ቆጠራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት (8 ኤኤም) በፊት አይጀምርም። ስለዚህ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው ሌሊት ለጣለው በረዶ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ማጽዳት ይጠበቅበታል። ተከራይ ከሆኑ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ውልዎን ይዩ።

የሚጠረገው በመንገዱ ሙሉ ስፋት፣ እስከ ሲሚንቶው ድረስ ነው። አንድ አካፋ የሚያህል ቀጭን መተላለፊያ አይበቃም፤ ተሽከርካሪ ወንበርም ሆነ የሕፃን ጋሪ አያሳልፍም። ቤትዎ ማእዘን ላይ ከሆነ ወደ መንገዱ መውረጃውንም ይክፈቱ። የተጠረገውን በረዶ ወደ መንገድ ወይም ወደ አሊው መግፋት ክልክል ነው፤ በራስዎ ግቢ ይከምሩት። ካልተጠረገ ከተማው ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ ከዚያ ራሱ አስጠርጎ ወጪውን በንብረት ግብር ላይ ይጨምራል።

ከጠረጉ በኋላ ጨው ካስፈለገ ባለ 12 አውንስ የቡና ኩባያ ሙሉ ጨው ለአሥር የእግረኛ መንገድ ካሬ ይበቃል። ጨውና አካፋን የሚያቀያይሩ አሉ፤ ያልተጠረገ በረዶ ላይ ጨው ማፍሰስ ግን ከላይ ውሃ፣ ከታች ግግር በረዶ ያደርገዋል፤ ማታ ላይ ከመጀመሪያው የባሰ ያንሸራትታል። ከተማው ለነዋሪዎች አሸዋ በነፃ ይሰጣል፤ ባልዲውን ይዞ መሄድ የእርስዎ ነው። የእሳት አደጋ ውሃ መክፈቻ (ሃይድራንት) ደጅዎ ካለ ዙሪያውን ሦስት ጫማ ይክፈቱለት።

ጠራርጌ ስጨርስ ጠራጊው መጥቶ መግቢያዬን ደፈነው። ይህ እንዴት ይሆናል?

የሚያበሳጭ ነገር እንደሆነ እናውቃለን። የጠራጊው ስለት በረዶውን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚገፋው፤ በየደጁ ስለቱን ማንሳት አይችልም። 5 ሜትር በሚሰፋ መግቢያ ላይ የሚቀረው፣ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የታመቀ ክምር ግማሽ ቶን ሊጠጋ ይችላል። የተከመረ በረዶ ክብደት ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2010 የዚህችው ከተማ የሜትሮዶም ስታዲየም ጣራ ተቀድዶ የወደቀው በበረዶ ጫና ነው። ስለዚህ ሙሉ አካፋ አያንሱ፤ በግማሽ እያነሱ፣ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት እየጎነበሱ ይሥሩ። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ክምር ብቻውን አይጀምረው።

ክምሩን የሚቀንስ ዘዴ አለ። ቤትዎን ከጀርባ፣ መንገዱን ከፊት አድርገው ይቁሙ። ጠራጊው የሚመጣው ከግራዎ ነው። ከመግቢያው በስተግራ፣ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባዶ ቦታ ይክፈቱ፤ ያነሱትን በረዶ ሁሉ ወደ ቀኝ ይከምሩ። ጠራጊው የተሸከመውን በባዶው ቦታ ላይ ስለሚያራግፍ መግቢያዎ ጋ ሲደርስ ቀለል ብሎታል።

በረዶውን ጭነው የማይወስዱት ለምንድን ነው?

የሚወስድ ከተማ አለ። የካናዳዋ ሞንትሪያል በየዓመቱ 300,000 ያህል የጭነት መኪና ሙሉ በረዶ አውጥታ ትደፋለች፤ ለዚህ የምታወጣው ገንዘብም ከፍተኛ ነው። ሚኒያፖሊስ የምትጭነው በዳውንታውንና ክምሩ እይታ በሚጋርድባቸው ቦታዎች ነው። በሰፈር መንገዶች ላይ በረዶው ዳር ተገፍቶ እስኪቀልጥ ይቆያል፤ ዳሩ ባዶ መሆኑ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በጠራጊ መኪና ጀርባ ስነዳ ምን ያህል ልራቅ?

ቢያንስ የአሥር መኪና ርዝመት። ከኋላው በሚነሳው የበረዶ ደመና ውስጥ እርስዎ እሱን አያዩትም፤ እሱም በመስተዋቱ አያየዎትም። በቀኙ ደርበው አይለፉ፤ ከጎኑ የሚዘረጋ ሁለተኛ ስለት ሊኖረው ይችላል፣ በበረዶውም ተሸፍኖ አይታይም።

የተቀበረች መኪና እንዴት ላውጣ?

ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት የጭስ ማውጫውን ያጽዱ። በበረዶ ተደፍኖ ሳለ ሞተሩ ከተነሳ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ውስጥ ሆኖ የሚሞቅን ሰው ሳይሰማው ይገድላል። ልጆች «መኪናው ውስጥ ሙቁ» ተብለው ሲቀመጡ የደረሰ አደጋ በዚህ አገር ተደጋግሞ ታይቷል። ቱቦው ክፍት ሆኖ፣ ዙሪያውም አንድ ክንድ ያህል ተጠርጎ ሳለ ብቻ ሞተሩን ያስነሱ። ከዚያ ጣራውን ያራግፉ፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ይክፈቱ፣ አሸዋ ወይም የድመት ማጸዳጃ ጠጠር ይበትኑ፤ መሪውን ቀጥ አድርገው ቀስ ብለው ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሷት። ጎማው በባዶ ከዞረ ነዳጅ መስጠትዎን ያቁሙ፤ በዞረ ቁጥር በረዶውን እያቀለጠ መልሶ ወደ መስተዋትነት ይለውጠዋል።